ጓሮው ወደ ስልክ ሲዛወር

ኩሩ ሰው ቃሉን ሲያጥፍ ማየት ደስ ይለኛል። ክፋት አይደለም፤ ሰው መሆኑን ስለሚያሳየኝ ነው። "ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ከእሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ አልቀመጥም" ያለው አጎታችሁ በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ከዚያው ሰው ጋር ክትፎ ሲጎራረስ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ማንም አላስታወሰውም። እናንተም ዝም አላችሁ። ዝም ማለታችሁ ልክ ነው፣ ግን እቤት ስትገቡ ስቃችኋል።

ኩባንያም እንደ ሰው ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ የጌም ኩባንያ አለ። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ ሣጥን ይሠራል፤ በሣጥኑ የሚጫወቱትንም ጌም ራሱ ይሠራል። ኃላፊዎቹ ለዓመታት በየመድረኩ እየወጡ የእኛ ጌም ስልክ ላይ አይወርድም ይሉ ነበር። ጌም ማለት ሶፋ ላይ ተደላድለው ተቀምጠው፣ በትልቅ ስክሪን፣ በሁለት እጅ ይዘው የሚጫወቱት ነገር ነው፤ ስልክ ለመደወያ ነው ይሉ ነበር። በጣም ረግጠው ስለሚናገሩ እኔ ራሴ አምኛቸው ነበር። ከዚያ ባለፈው ጸደይ "በደስታ እናበስራለን" ብለው ብቅ አሉ። የስልክ ጌም። የሚያበስረውን ሰውዬ በቪዲዮ አየሁት። ፊቱ ቁርጥ የዚያ አጎት ነው።

ለምን ስልክ? ሰዉ ሁሉ እዚያ ስለሄደ ነዋ። ሶፋ ላይ የቀረ የለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር ስትሄዱ ቀና ያለ አንገት ካያችሁ፣ ወይ ቱሪስት ነው፣ ወይ ባትሪው አልቆበታል።

ይህን የምላችሁ የቢዝነስ ዕውቀት ኖሮኝ አይደለም። እኔ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ የማውቀው የሚወጣና የሚወርድ ነገር ብቻ ነው። ኩባንያው ቃሉን ማጠፉ እቤቴ ድረስ ስለመጣ ነው።

ባለቤቴ ትዕግሥት ባለፈው ጥር አረፈች። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። በሽታው ቸኩሎ ነበር። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ልጃችን ሶልያና ስምንት ዓመቷ ነው።

እናትና ልጅ ጓሮ ነበራቸው። አፓርታማችን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጓሮው ያለው ቴሌቪዥኑ ውስጥ፣ በዚያ ኩባንያ ጌም ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ፒጃማቸውን ሳይቀይሩ ተቀምጠው ይቆፍራሉ፣ ይዘራሉ፣ ያጠጣሉ። ትዕግሥት በጌሙ ውስጥ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች አጭር ሴት ነበረች። በእውነቱ ረጅም ነበረች። "እዚህ እንኳ ትንሽ አጠር ልበል" ትል ነበር። እኔ ከኩሽና ሆኜ አሜሪካ ድረስ መጥታችሁ ገበሬ ሆናችሁ እያልኩ እስቅባቸው ነበር። ነይ አጠጪ፣ ነይ ልቀሚ ሲባባሉ ቤቱ የእርሻ ወቅት ይመስል ነበር።

ከቀብሩ ማግሥት አማቴ አቶ ጌታነህ ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ ሻንጣቸውን ይዘው መጡ። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ሚስታቸው ድሮ ነው ያረፉት፤ ትዕግሥት አንድ ልጃቸው ነበረች። ደብረ ብርሃን እያሉ የአውቶብስ ሾፌር ነበሩ። እዚህ መጥተው አርሊንግተን ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጥቁር ለብሰው፣ ጢማቸውን ለቀው ሳሎን ገቡ። ከሻንጣቸው ነጭ አንሶላ አወጡና ቴሌቪዥኑን አለበሱት።

"እስከ ዓመቷ" አሉ።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። አንዳንዱ ቤት እስከ አርባ ይላል። አሜሪካ ሲሆን ደግሞ እስከ ሠልስት የሚሉም አሉ፤ ሥራ አለ፣ ሺፍት አለ። አባባ ዘንድ ግን ቅናሽ የለም። ስልክ ግን ተፈቅዷል፤ ሰው የሚያጽናናው በስልክ ነው። ከጌይተርስበርግ ይደወላል፣ ከበልትስቪል ይደወላል፣ ከአገር ቤት ይደወላል። እንግዲህ አስቡት፤ ያ ኩባንያ ስንት ባለሙያ ሰብስቦ፣ ስንት ጥናት አስጠንቶ ወደ ስልክ የሄደው ለቅሶ ቤት የሚገባው ስልክ ብቻ መሆኑን ሳያውቅ ነው። ቢነግሩት ማስታወቂያ ይሠራበት ነበር።

ሶልያና አንሶላውን አልተቃወመችም። በእንግሊዝኛ ትመልሳለች እንጂ የአማርኛ ትእዛዝ ታከብራለች። ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ፒጃማዋን እንደለበሰች ትመጣና አንሶላው ፊት ትቀመጣለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጣ ትነሣለች።

ሰኔ መግቢያ ላይ ከትምህርት ቤት ወሬ ይዛ መጣች። የጓደኞቿ ጓሮ በሙሉ ወደ ስልክ ተዛውሯል። የኩባንያውን ገጽ ከፍቼ አነበብኩ። እውነት ነው። በሣጥኑ ላይ ያለው ጌም ሊዘጋ ነው። ጓሮውን ይዞ መሻገር የሚፈልግ ሣጥኑን ይክፈት፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣለትን ቁጥር ስልኩ ላይ ያስገባ ይላል። እስከ እሑድ። ከእሑድ በኋላ ጓሮው ይጠፋል።

ችግሩ ገባችሁ? አንዴ ስልክ ላይ ከደረሰ አባባም አይከለክሉትም። እዚያ ለማድረስ ግን ቴሌቪዥኑ መከፈት አለበት።

አባባን ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ ሦስት ጊዜም ስለ አየሩ ጠባይ ተናገርኩ። እንዴት ነው የሚባለው? አባባ፣ የልጅዎ ሐዘን ለአሥር ደቂቃ ይነሣልን፤ የጌም ቲማቲም ልናሻግር ነው? እስቲ እናንተ ሞክሩት።

ስለዚህ እንደ ማንኛውም ጨዋ አማች ተደብቄ ላደርገው ወሰንኩ። ቅዳሜ አባባ አሌክሳንድሪያ የእድር ስብሰባ ነበራቸው። ለአንድ ሰዓት የተጠራ የእድር ስብሰባ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አልነግራችሁም። ግማሽ ቀን አለኝ አልኩ። በሩ እንደተዘጋ ሶልያናን ጠራኋትና አንሶላውን አብረን አነሣን። የምናወራው በሹክሹክታ ነበር። ኪራዩን የምከፍልበት የገዛ ቤቴ ውስጥ።

ሣጥኑ በራ። አምስት ወር ስላልተከፈተ እንደ እንግዳ ቆጠረንና የይለፍ ቃል ጠየቀ። አካውንቱ የትዕግሥት ነው። ቃሉን እሷ ብቻ ናት የምታውቀው፤ ኢሜይሏም እንዲሁ ተቆልፎ ቀርቷል። "ረስቼዋለሁ" የሚለውን ተጫንኩ። ይህን ጥያቄ አመጣ፦ የመጀመሪያ የቤት እንስሳሽ ስም ማን ነበር? መሞከር የሚቻለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ይቆለፋል።

ይህን ጥያቄ ያወጣው ሰው አሜሪካዊ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ። እነሱ እንስሳቸውን ስም አውጥተውለት፣ ልደቱን አክብረውለት፣ ሲሞት አልቅሰው ቀብረውት ነው የሚያድጉት። እኛ ሰፈር ውሻው የግቢው ዘበኛ፣ ድመቷ የአይጥ ጉዳይ ኃላፊ ናቸው። ስም ቢኖራቸው እንኳ ለሥራ ሲፈለጉ የሚጠሩበት ነው። ትዕግሥት ስለ እንስሳ አውርታኝ አታውቅም። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖረናል፤ ሁሉን የምንነጋገር ይመስለኝ ነበር። ሚስቴን አውቃታለሁ የሚል ባል ካለ ይህን ጥያቄ ይሞክር።

ሶልያና እኛ ቤት ለሁለት ሳምንት ብቻ የኖረውን የወርቅ ዓሣ ስም ጻፈች። ስህተት። እኔ ውሮ ብዬ ጻፍኩ፤ የደብረ ብርሃን ድመት ሌላ ምን ትባላለች ብዬ። ስህተት። አንድ ቀረን።

በሩ ተከፈተ።

ስብሰባው በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ አልቋል። እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም፣ በእኔ ላይ ግን ደረሰ። አባባ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁና ቀና ሲሉ ሳሎኑ በቴሌቪዥኑ ብርሃን አረንጓዴ ሆኗል። አንሶላው መሬት ላይ ነው። እኔ መጫወቻውን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ግን አሥራ ሁለት ነበርኩ።

"ሰው መጥቶ ቢያይስ?" አሉ።

ቁጣ አልነበረውም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ላስረዳቸው ጀመርኩ። ስለ ኩባንያው፣ ስለ ዝውውሩ፣ ስለ እሑድ። ከአፌ የሚወጣው ሁሉ ለራሴም ሞኝነት መሰለኝ። አባባ አንሶላውን ሊያነሡ ጎነበሱ። ያን ጊዜ ሶልያና ተናገረች። ለአያቷ አማርኛ ስታወራ ቃላቱን አንድ በአንድ ነው የምታወጣቸው።

"አባባ፣ ማሚ ትንሽ ልጅ ስትሆን ፔት ነበራት?"

ፔት ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ቤት ውስጥ የሚኖር፣ ስም ያለው፣ የማይበላ እንስሳ። አንሶላውን እንደያዙ ቆሙ።

"የማይበላስ አልነበረንም" አሉ።

ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። አንሶላውን ጭናቸው ላይ አጠፉት፣ እንደገና ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት። አንድ ዓመት ለፋሲካ የሚታረደውን በግ ቀደም ብለው፣ ጾሙ ገና ሳይጋመስ ገዝተው ነበር። ትዕግሥት ሰባት ዓመቷ ነው። በጉ ነጭ ነበር። የፀጉሯን ሪባን አንገቱ ላይ አሰረችለት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምሳዋን ሳትበላ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ትሄዳለች። አባባ ይህን ሁሉ እያዩ ዝም አሉ። ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች ብለው ነበር።

"ዳቦ ነበር የምትለው" አሉ። "እኔ ነኝ ያረድኩት። እስከ ዳግማ ትንሣኤ አላናገረችኝም።"

ወደ ሶልያና ዞሩ።

"ጻፊው።"

በእንግሊዝኛ አራት ፊደል ጻፈች። ጓሮው ተከፈተ።

ሁሉም ነገር እንደተተወ ነበር። ቲማቲም፣ በሁለት ረድፍ የተተከለ ሐምራዊ አበባ፣ አንድ የሎሚ ዛፍ፣ ጥግ ላይ ተቆፍሮ ያልተዘራበት መደብ። ባርኔጣ ያደረገችው አጭር ሴት የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ያቻት ማሚ አለች ሶልያና። አባባ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ፣ ወደ ስክሪኑ ቀረቡ፣ ብዙ አዩዋት።

"ቁመቷን ወሰዱባት" አሉ።

ቁጥሩን ስልኬ ላይ አስገባሁ። አንድ ቀጭን መስመር ቀስ እያለ ይሞላ ጀመር። ሦስታችንም ስልኩ ላይ አጎነበስን። ቲማቲሙ መጣ። አበባው መጣ። ሎሚው ከነፍሬው መጣ። ወንበሩም መጣ። ወንበሩ ላይ ግን ማንም የለም።

ሶልያና የስልኩን ስክሪን በጣቷ ወዲያና ወዲህ ገፋ ገፋ አደረገችው፣ ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር ፈለገች። ማሚስ አለችኝ። የኩባንያውን ገጽ መልሼ ከፈትኩ። ከታች፣ ማንም በማያነበው ደቃቅ ጽሑፍ፣ በስልክ ላይ የቀድሞዎቹ አትክልተኞች እንደማይዛወሩ፣ አዲስ መምረጥ እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። ይቅርታም ጠይቋል፤ ጨዋ ኩባንያ ነው። አነበብኩላቸው።

አባባ ስልኩን ተቀበሉኝና አንድ ክንድ አርቀው ያዙት። ይህን ማን ተከለው ብለው ሶልያናን ጠየቋት። ማሚ። ይኼንንስ? ማሚ። ሎሚውንስ? እሱን አብረን። አበባውን ለምን ሐምራዊ አደረገችው? ነጩን አትወደውም ነበር። አንድ በአንድ ጠየቋት፣ አንድ በአንድ መለሰች። ከጥር ወዲህ በዚህ ቤት የትዕግሥት ስም ሲነሣ የሚወራው ስለ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ነበር፤ ሐኪሙ ምን አለ፣ እሷ ምን አለች፣ ማን ደረሰላት፣ ማን አልደረሰላትም። አንድ ሰው ምን እንደምትወድ ሲጠይቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ አባባ አንሶላውን ይዘው ተነሡ። ሶልያና ወንበሩ ላይ ያለችውን ሴት ቆማ አየቻት። እስክትጨርስ ጠበቋት። ቴሌቪዥኑን አጠፉ፣ አንሶላውን አለበሱት፣ ማዕዘኖቹን አስተካከሉ። ስልኩ ላይስ ትጫወት ወይ አልኳቸው። ስልክማ ስልክ ነው አሉ።

አዲሱን አትክልተኛ ሶልያና መረጠች። የአያቷን ስም ጻፈች። ጌሙ የሚመረጥ ጢም አለው። ጥቁር ልብስም አለው። አባባ የለቅሶው ሥርዓት ሳይጓደል ጓሮው ውስጥ ገቡ።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጠብ ተነሣ። ምክንያቱ ያልተዘራበት መደብ ነው። አባባ ሽንኩርት ይሁንበት አሉ። ሶልያና አበባ አለች። አባባ አበባ አይበላም አሉ። ሶልያና ሽንኩርቱም አይበላም፣ "ኢትስ ጀስት ኤ ጌም፣ አባባ" አለች። አባባ ሰው መሬት ቆፍሮ ባዶውን አይተወውም፣ እናትሽ ምን ልትዘራበት ነበር አሏት። አላወቀችም። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ ደግሞ ኩሽና ቆሜ ስስቅባቸው የነበርኩት ሰውዬ ነኝ። አንድ ቅዳሜ እንኳ መጥቼ ምን ልትተክሉ ነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም። እንዳለ ይቆይ ልል አፌን ስከፍት ሶልያና ቀደመችኝ፤ ባዶ ከተተወ አረም ይወርሰዋል፣ ጌሙ እንደዚያ ነው የተሠራው አለች።

"ሽንኩርት ይሁን" አልኩ።

ሶልያና እንደ ከሃዲ አየችኝ። ቢሆንም የት እንደሚጫኑ ለአያቷ አሳየቻቸው። የአውቶብስ መሪ የለመደ ጣት ነው፤ ሁለቴ ስቶ ሎሚውን አጠጣ። በሦስተኛው ተተከለ። አባባ ስልኩን ዓይናቸው አጠገብ አድርገው አፈጠጡበት። ምንም አልበቀለም። ስንት ጊዜ ነው የሚፈጀው አሏት። ሦስት ቀን አለቻቸው።

"እንጠብቃለና" አሉ። ስልኬንም አልመለሱልኝም።