ፊቷ የጭነት፣ ኋላዋ ባጃጅ

በዚህ አገር መኪና የሌለው ወንድ ሁሉ መኪና መሳል እችላለሁ ብሎ ያምናል! መኪና ያለውማ ምን ቆርጦት ይስላል? ይነዳል እንጂ! እኛ ግን ሰብሳቢው «በቀጣይ አቅጣጫ እናስቀምጣለን» ሲል፣ የወረቀታችን ጠርዝ ላይ ጎማ እናስቀምጣለን። አትዋሹኝ... እናንተም ስላችኋል። ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠው ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ የሚጽፍ ከመሰላችሁም ተሸውዳችኋል፤ እሱ አሁን ስፖኪዮ ላይ ደርሷል።

እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስኩ ነኝ። አሶሳ ውስጥ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የእኔ መኪና ያልቆመበት የስብሰባ ወረቀት የለም። ሥዕሎቼ አንድ ችግር ብቻ ነው ያለባቸው፤ መኪና አይመስሉም። ጎማቸው የሸሚዝ ቁልፍ ያህላል፣ በራቸው ከዶሮ በላይ አያስገባም፣ ሾፌር ከጨመርኩበትማ ጭንቅላቱ ጣሪያውን በስቶ ካልወጣ እጁ መሪው ላይ አይደርስም። ባለቤቴ ዓለሚቱ አንዱን አይታ «ይሄ ሰውዬ መኪናውን ለብሶት ነው?» ብላኛለች። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰው ካለ ጥበብ እንዴት ታድጋለች?

ነገሩ በእኛው ቤት ቢቀር ጥሩ ነበር። ግን «እሱኮ ሰዓሊ ነው» የሚል ወሬ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ሰፈር ገባ። እንደ ጤነኛ ሰው «ኧረ እኔ አልችልም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እንዲያውም አንገቴን ሰበር አድርጌ ፈገግ አልኩ... ትሑት ሰዓሊ መስዬ!

ሐጂ ኢድሪስ የመጡብኝ በዚህ ፈገግታ ምክንያት ነው። ሐጂ ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ የሚኖሩ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውን የማያውቅ ሰው እንኳ ፒክአፓቸውን ያውቃል። ከሸርቆሌ አሶሳ፣ ከአሶሳ ሸርቆሌ፣ ሰውና ፍየል፣ ማንጎና ማዳበሪያ ሲያመላልሱባት ኖረዋል። ስሟ ሰብር ነው፤ በዓረብኛ ትዕግሥት ማለት ነው። ስሙን ያወጡላት ሐጂ ቢሆኑም ትዕግሥቱን የሚያዋጡት ግን ተሳፋሪዎቹ ነበሩ። አሁን ሐጂ ዓይናቸው ደክሞ መንዳት አቁመዋል። እሷም የግራ መብራቷን የሆነ ጉድጓድ ውስጥ ጥላ፣ በራቸው ላይ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ቆማለች። ማንጎው በወረደባት ቁጥር ኮፈኗ ይጎደጉዳል።

«አንተ ሥዕል ታውቃለህ ይላል ሰው» አሉኝ፣ መንገድ ላይ አስቁመው።

«እንዲያው ትንሽ ትንሽ፣ ሐጂ...»

«ተማም። ሰብር ቅዳሜ ይሄዳል። ሰውዬ ከባምባሲ ይመጣል፣ ይገዛል፣ ይወስዳል። ኸላስ። ከዚያ በፊት አንተ ሳልልኝ።»

«በስልኬ ፎቶ ላንሳልዎት? ጥርት ያለ ይወጣል።»

«ፎቶ ያለውን ያሳያል። አንድ መብራት አለ፣ አንድ መብራት የለም። እኔ የነበረውን ነው የምፈልገው። አንተ ሁለት መብራት አድርግ። ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ያያል።» ይህን ብለው ዞር አሉና ኮፈኗን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ነው የሚሸኙት፤ እኔ ደግሞ ያንን ዕድሜ ዶሮ በማያስገባ በር ልስለው ነው!

ቤቴ ገብቼ ስልኬን ከፈትኩና መኪና በእርሳስ እንዴት እንደሚሳል የሚያስተምር ቪዲዮ ፈለግሁ። አንድ ፀጉሩን ያስረዘመ ወጣት አገኘሁ። ሚስጥሩ ያለው ልኩ ላይ ነው አለ። እጃችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ትዘረጋላችሁ፣ አንድ ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ፣ እርሳሱን መኪናው ላይ አነጣጥራችሁ በአውራ ጣታችሁ ትለካላችሁ፣ ከዚያ የለካችሁትን እንዳለ ወረቀቱ ላይ ታሰፍራላችሁ። ጎማው እርሳሱ ላይ ይህን ያህል ከሆነ ወረቀቱም ላይ ይህን ያህል ነው። አለቀ! ማስጠንቀቂያው አንድ ብቻ ነበር። «ለክታችሁ እስክትጨርሱ ከቆማችሁበት ፍንክች እንዳትሉ! ከተንቀሳቀሳችሁ ልኩ ይበላሻል።»

ፍንክች የማይል ነገር ፈለግሁ። ከሰብር ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የእትዬ አስካለ የቀርቀሃ አጥር አለ። ጀርባዬን አጥሩ ላይ ለጠፍኩ። ከዚህ በላይ ምን አስተማማኝ ነገር አለ? ብትንቀሳቀስ ጀርባህ ይነግርሃል!

እትዬ አስካለ በሰፈራው ጊዜ በልጅነታቸው ከወሎ የመጡ፣ እዚሁ ወልደው የሳሙ ጎረቤታችን ናቸው። አጥራቸው ሲንኮሻኮሽ ብቅ አሉ። ያዩት ነገር ይኸው ነው፤ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አጥራቸውን ተደግፎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እርሳስ ወደ መንገዱ ዘርግቶ፣ ወረቀት ላይ መስመር ያሰምራል።

«አንተ ልጅ! ምን እየለካህ ነው?»

«መኪናዋን፣ እትዬ።»

«በአንድ ዓይን?»

«ልኩ የሚመጣው እንደዚህ ነው።»

«የኔ ዓለም፣ እውነቱን ንገረኝ። መንገዱ ሊሰፋ ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ ሥዕል ነው!»

«ወየው! ሲጀመር ሥዕል ያልሆነ መንገድ መቼ አለ? እህቴ በር ላይ የመጡትም በወረቀት ላይ ሥለው ነው የጀመሩት፤ ኋላ አጥሯን ነቀሉባት!»

እዚህ ላይ እርሳሴን አስቀምጬ፣ ሁለቱንም ዓይኖቼን ገልጬ ማስረዳት ነበረብኝ። ግን ልኩን አጥብቄ ይዣለሁ፤ ከለቀቅኩት ያመልጠኛል። «እትዬ፣ አሁን አያናግሩኝ» አልኳቸው። ለፈራ ሰው ይህ ምን ይመስለዋል? የቢሮ ምስጢር! ይባስ ብዬ የሰብርን የፊት መከላከያ አየሁና ለራሴ «ይሄኛው ትንሽ ወደ ውስጥ መግባት አለበት» አልኩ... ጮክ ብዬ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤት ተመለሱ። እኔም ደስ አለኝ፤ ጸጥታ አገኘሁ።

የፊቷን ክፍል ጨረስኩ። ኮፈኗን፣ ሁለቱን መብራቶች፣ የፊት ጎማዋን፣ በሯን። ወገኖቼ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎማ የሚያህል ጎማ ሳልኩ! በሩ ሰው ያስገባል! ወደ ኋላዋ ልሻገር ስል የአሶሳ ዝናብ መጣ። የአሶሳ ዝናብ ስለ ሥዕል ግድ የለውም። ወረቀቱን ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ ሮጥኩ። ዓለሚቱ ግማሿን መኪና አየችና ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋች። ከዚያ «ይሄማ መኪና ነው!» አለች። ያን ቀን እራቴን የበላሁት እንደ ሰዓሊ ነው፤ ቀስ ብዬ፣ ወደ መስኮት እየተመለከትኩ።

በማግሥቱ ሲዘንብ ዋለ። ዝናቡ ያባራው ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። በሩጫ ሄጄ ጀርባዬን አጥሩ ላይ ለጠፍኩ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። እርግጥ ነው፣ እግሬ ሥር ጎመን ነበር። «እትዬ አስካለ ደግሞ ከአጥር ውጭ ጎመን መትከል ጀመሩ?» ብዬ ተገረምኩና አለፍኩት። ጀርባዬ አጥሩን ነክቷል፤ ሌላው ምን አገባኝ? የኋላ ጎማዋን፣ መጫኛዋን፣ የኋላ መከላከያዋን አንድ በአንድ ለክቼ አሰፈርኩ። ፍንክች አላልኩም!

ቤት ወስጄ የፊቱንና የኋላውን መስመር ሳገናኝ እምቢ አለኝ። በሩ ጋ ሲደርስ መኪናዋ ደረጃ ሠርታ ቁልቁል ወረደች። ላጲስ ምን ይሠራል? አለሳልሼ አያያዝኳት። ዓለሚቱ መጥታ አንገቷን ወደ ቀኝ አዘነበለች፣ ወደ ግራ አዘነበለች።

«ቁልቁለት ላይ ናት?»

«አይደለችም። ኋላዋ ራቅ ስላለ ነው።»

«ከምን?»

«ከ... ከፊቷ!»

«ከፊትማ ኋላ ይርቃል» አለችና ሄደች። ጥበብ ያልገባት ሴት ብዬ ናቅኳት።

ቅዳሜ ጠዋት የባምባሲው ገዢ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ሰብር ያለ ግፊ ስለማትነሳ ሰፈሩ ተሰብስቦ ሊገፋ ተዘጋጅቷል። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከማንጎው ሥር ቆመዋል። ወረቀቱን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት።

«ማሻአላህ» አሉ በመጨረሻ። «መብራት ሁለት ነው።»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ፊት ትልቅ ነው። በጣም ትልቅ ነው።» ጣታቸው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ተጓዘ። «ፍየል የት ይቆማል?»

ከፊት የጭነት መኪና ናት፤ ከኋላ ባጃጅ! የፊት ጎማዋ ለሸርቆሌ መንገድ የተዘጋጀ ነው፤ የኋላው የልጅ ጋሪ ነው። ገዢው በሐጂ ትከሻ ላይ አሻግሮ ሲያይ «ኧረ ማሎ!» አለና ሰብር ዘንድ ሄዶ ኋላዋን ዞሮ አረጋግጦ መጣ። ግብይቱ በእኔ እርሳስ ከመፍረስ ለጥቂት ተረፈ!

ተገፋች፣ ተነሳች፣ ሄደች። ሐጂ እስከ ማጠፊያው ድረስ በዓይናቸው ሸኟት። ከዚያ ያንን ጉድ ጠቅልለው ይዘው ሲገቡ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት በወደድኩ! አንድ ነገር ነው የለመኑኝ፤ እሱንም አበላሸሁባቸው። መኪናዋ ደግሞ አትመለስም።

የት እንደተሳሳትኩ ለማወቅ የቆምኩበት ቦታ ተመልሼ ሄድኩ። ሁለቱንም ዓይኖቼን ገልጬ አየሁ። መንገዱ ዳር ቀርቀሃ ተነቅሎበት የቀረ የጉድጓድ ተራ አለ። ከእሱ ወዲያ ጎመን። ከጎመኑ ወዲያ፣ በጥሩ ጥሩ እርምጃ ርቆ፣ አጥር!

«እትዬ አስካለ! ይሄ አጥር...»

«አስገባሁታ!» አሉኝ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። «ሳይነቅሉብኝ ራሴ ነቅዬ በዝናብ ተከልኩት። ወደ ውስጥ መግባት አለበት ብለህ በአፍህ አልተናገርክም?»

«ስለ መከላከያው ነበርኮ! እንዴት ሳይነግሩኝ?»

«አንተስ አያናግሩኝ አላልከኝም?»

ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። ግማሿን መኪና ከቅርብ፣ ግማሿን ከሩቅ ሣልኩ፤ ግን እኔ አልተንቀሳቀስኩም... አጥሩ ነው!

ይህን ለዓለሚቱ ስነግራት እስክታነባ ሳቀች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ባምባሲ ወረድኩና የገዢውን ግቢ አፈላልጌ አገኘሁ። አጥር አልተደገፍኩም። ሁለት ሰው የማያነሳው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ሰብርን ከመከላከያ እስከ መከላከያ በአንድ ቁጭታ ሳልኳት። ገዢው ከመድረሴ ጀምሮ የኋላ በሯ ላይ እጁን ጭኖ ቆሞ ነበር፤ አላመነኝም። ግን ወጣች! ጎማዋ ጎማ፣ በሯ በር፣ መጫኛዋ ፍየል ከነባለቤቱ የሚያስቆም!

እየበረርኩ ሐጂ ቤት ደረስኩ። እንግዳ አላቸው፤ ከሸርቆሌ የመጡ ሽማግሌ የከርከዴ ሻያቸውን ይዘው ግድግዳውን አፍጥጠው ያያሉ። ያ ጉድ፣ በመስታወት ውስጥ፣ ተሰቅሏል!

«ሐጂ፣ ይሄ ምንድን ነው? ትራክተር ነው?» አሉ እንግዳው።

«ትራክተር አይደለም፣ ሰብር ነው!» አሉ ሐጂ፣ ትራሳቸውን እያመቻቹ። ከዚያ ጀመሩ። ኋላው ለምን እንዳነሰ፣ የእትዬ አስካለ አጥር እንዴት እንደሄደ፣ ከአጥሩ ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወደ ሸርቆሌ ክረምት፣ ጭቃ ውስጥ ስለ ዋለችው መኪና፣ ያ ትንሽ የሆነው መጫኛ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር እንዴት እንደተገላገለች፣ ሕፃኗንም ሰብሪያ እንዳሏት፣ ሰብሪያም ዛሬ ትልቅ ሴት ሆና ገበያ መሀል ልብስ እንደምትሰፋ... እንግዳው ከርከዴውን ረሱት።

ሲጨርሱ አዲሱን ሥዕል ዘረጋሁላቸው። ሐጂ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ልክ ነው» አሉ። «በጣም ልክ ነው።» ጠቀለሉና መለሱልኝ። «አንተ ያዘው።»

«ሐጂ! ለእርስዎ ብዬኮ ባምባሲ ድረስ...»

«ይሄን ያየ ሰው ፒክአፕ ነው ይላል፣ ከርከዴ ይጠጣል፣ ይሄዳል። ያንን ያየ ሰው ይጠይቃል። እሱ ሲጠይቅ እኔ ሰብርን እነዳለሁ።»

ምን ትሉታላችሁ? ልኩን ሥዕል አምጥቼ ራሴው ሳሎን ሰቀልኩት። ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሊጠይቀን መጣ። ሆን ብዬ ከሥዕሉ ትይዩ አስቀመጥኩት። ቀና ብሎ አየና «ፒክአፕ ናት» አለ። ሻዩን አነሳ። ጠበቅኩት... ምንም የለም። በስተመጨረሻ ግን የሆነ ነገር ትዝ ብሎት ሳቅ አፈነው።

«ስማኝማ፣ ሐጂ ኢድሪስ ቤት የተሰቀለችውን አየሃት? ፊቷ የጭነት፣ ኋላዋ ባጃጅ! ለመሆኑ ማነው የሳላት?»

ዓለሚቱ ከጓዳ ብቅ ብላ መልሴን ጠበቀች።

«እኔ እንጃ» አልኩት። «ብቻ ሰውዬው ፍንክች አላለም ይባላል።»