ቁልፍ ይዞ ስብሰባ መግባት

መጠበቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሰሞኑን አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት የኮምፒውተር ከርነል፣ ማለትም የማሽኑን ሥራ ሁሉ የሚያዝዘው ዋና ፕሮግራም፣ እንዴት እንደሚጻፍ ሲያስረዳኝ፣ ሁለት ሥራዎች አንድ ዕቃ ከፈለጉ አንዱ ቆልፎ ይገባል፣ ሌላው ይጠብቃል አለኝ። አጠባበቁን የሚመርጠው ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ነው፤ ወይ በስፒንሎክ በር ላይ ቆሞ «ተለቀቀ? ተለቀቀ?» ማለት፣ ወይ በሙቴክስ እስኪቀሰቅሱት መተኛት። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች! እኔ ይህን ትምህርት በደርግ ጊዜ፣ ያኔ አዋሳ በምንላት ከተማ ቆሜ ጨርሼዋለሁ።

መሥሪያ ቤታችን አንዲት ላንድሮቨር ነበረችው። ቁልፏ ግን የሚውለው ሾፌሩ ጋሽ ላሊሞ ዘንድ ሳይሆን ኃላፊያችን ጓድ ታደሰ ኪስ ውስጥ ነው። የሕዝብ ንብረት የሚጠበቀው እንዲህ ነው ይሉ ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ እየሮጡ መጥተው ባለቤቴን አልማዝን ምጥ እንደጀመራት ነገሩኝ። የመጀመሪያ ልጃችን ነው፤ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ መድረስ አለባት። መኪና ይዤ እስክመጣ ከቤት እንዳትወጣ ብዬ መለስኳቸው።

ጓድ ታደሰ የት ናቸው? ባህል አዳራሽ፣ ስብሰባ ላይ። ቁልፉስ? እሱም ተሰብስቧል። ከጋሽ ላሊሞ ጋር እየሮጥን ስንደርስ ዘበኛው ማንም አይገባም አለ። ምን ያህል ይቆያሉ ብዬ ብጠይቀው፣ አሁን ይወጣሉ አለኝ። ስህተቴ ይህን ማመኔ ነው። ለአጭር ጊዜ መቆም ያዋጣል፤ ለረጅም ጊዜ ግን ሌላ መላ መፈለግ ይሻላል። ግን በእኛ አገር ቸኩሎ የመጣን ሰው «ገና ነው» ብሎ ማስከፋት ነውር ስለሆነ፣ የሚያልቀው ሁሉ አሁን ነው የሚያልቀው።

ጋሽ ላሊሞ ሲወጡ ቀስቅሰኝ ብለው ዛፍ ሥር ጋደም አሉ። እኔ በየደቂቃው በበሩ ስንጥቅ ሳጮልቅ ሦስት ሰዓት ቆምኩ። ጭብጨባ በሰማሁ ቁጥር አለቀ እላለሁ፤ ጭብጨባው ግን ሌላ ተናጋሪ ያመጣል። ወጣቱ እንደሚለው ከሆነ፣ ቁልፍ ይዞ፣ ሰው በር ላይ አቁሞ መተኛት በከርነል ሕግ ትልቅ ወንጀል ነው። ጓድ ታደሰ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ያንኮራፋሉ። አልማዝ ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ፤ ግድግዳ ተደግፌም አለቀስኩ።

በመጨረሻ ወጡ። ቁልፉን ሲሰጡኝ፣ ምነው ቀደም ብለህ አልነገርከኝም ብለው ተቆጡ።

ቤት ስንደርስ ማንም የለም። እየበረርን ቡሹሎ ደረስን። ለካስ እትዬ በላይነሽ ከመናኸሪያ በኩል ጋሪ ጠርተው አልማዝን አሳፍረዋታል። ጋሪ ፈቃድ የለው፣ ስብሰባ የለው! አልማዝ ጋደም ብላ ሴት ልጃችንን ታጠባለች። እፎይ! ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አንተን ብንጠብቅ ኖሮ» አለችኝ እየሳቀች፣ «ልጅቷ በእግሯ ትሄድ ነበር።»

ነገ ወደ ቤት የምትመልሰን መኪና እንዳታመልጠኝ ብዬ፣ እዚያው ቁልፉን ከጋሽ ላሊሞ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ልጄን ታቅፌ፣ በዕድሜዬ ተኝቼ የማላውቀውን እንቅልፍ ተኛሁ።

እናትና ልጅን ቤት አድርሼ ቢሮ ስገባ፣ ጓድ ታደሰ ጓድነታቸውን ለአፍታ ረስተው «እንኳን ማርያም ማረችልህ» አሉኝ። ቀጥለውም እጃቸውን ዘረጉ።

«በል ቁልፉን አምጣ። ትናንት መስክ ልወጣ አንተን ስጠብቅ እዚሁ በር ላይ ቆሜ ነው የመሸብኝ።»