እኔና ዘርፌ በአንድ መስመር

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሰው ሁሉ በመስመር ተተክሎ አየሁ። እስከ ቁርጭምጭሚታችን አፈር ውስጥ ነን። የፈረንጅ ጽዶቹ ግን ሜትርና ቀይ ቀለም በጣሳ ይዘው በመካከላችን ይመላለሳሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት በደኑ ውስጥ እንዲህ የተመላለስኩት እኔ ነበርኩ። አናቱ ላይ ቅጠሉን በሰፊው የዘረጋ ዛፍ ግንዱ ይወፍራል፤ እሱን እተወዋለሁ። አናቱ የጠበበውን እንዲቆረጥ ቀይ እቀባዋለሁ።

ከፊቴ የተተከለው አለቃችን ደመላሽ ነበር። አንዱ ጽድ ሲቀርበው ጃንጥላውን ዘረጋ።

«ይኸው፣ አናቴ ሰፊ ነው!»

«ጃንጥላ አይቆጠርም ጌታው» አለና ሆዱ ላይ ቀባው። ደመላሽ ጃንጥላውን አጥፎ እጅ ነሣ።

ከዚያ ወደ እኛ መጣ። ባለቤቴ ዘርፌ ከጎኔ ናት፤ ትከሻ ለትከሻ። አርባ ዓመት እንደዚያው ነን። ጽዱ ሜትሩን ከራሴ እስከ ራሷ ለካ።

«ተጨናንቃችኋል። ለዚህ ነው ሁለታችሁም የቀጠናችሁት። አንዳችሁ ከተነሣ ሌላው አናቱን ይዘረጋል፤ ደህና ጣውላ ይወጣዋል።»

ሥራዬ ነውና መለስኩለት። «ብቻውን የቀረም ቅርንጫፍ ያበዛል። ጣውላው አንጓ ብቻ ይሆናል።»

«እኛን ስትቀባ እንዲህ አልተከራከርክም» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። እውነቱን ነው።

«ቶሎ ጨርስ እባክህ፣ እግሬን በረደኝ» አለችው ዘርፌ።

ጽዱ ብሩሹን ነከረ። «ማን ይነሣ?»

ደረቴን ገለጥኩ። «እኔን ቀባኝ። ቦታውን ለእሷ ተውላት።»

በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ደግ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። የተተከለው ሕዝብ በሙሉ አለቀሰ። ደመላሽ እንኳ ሆዱን እየጠረገ አለቀሰ። ብሩሹ ደረቴን ሲነካኝ ነቃሁ።

ነግቷል። አልጋው መሐል እጄንም እግሬንም ዘርግቻለሁ። ጋቢው በሙሉ እኔ ላይ ነው። ዘርፌ መሬት ላይ ተቀምጣ እግሯን በነጠላዋ ጠቅልላለች።

«ገፍተህ ከጣልከኝ ቆየህ እኮ» አለችኝ። «ደግሞ ‹ቦታውን ለእሷ ተውላት› ትላለህ። እሷ ማን ናት?»