ፕሮፖዛላችንን የሰረዙት ወይዘሮ ዐፊፋ

በዚህች አገር ፕሮፖዛል የጻፈ ሰው ሁሉ አንድ ሰራዥ ገጥሞታል። የሠርግ ጥሪ ወረቀት ቢሰጡት እንኳ «ትንሽ ረዝሟል» የሚል ሰው። የእኛ የአሶሳዋ ግን የሰራዦች ሁሉ ቁንጮ ናቸው፤ ክብርት ወይዘሮ ዐፊፋ። ሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያ ለእርዳታ ድርጅት ሪፖርት ሲጽፉ ኖረው አሁን የአንድ ኮሌጅ የምርምር ቢሮ ይመራሉ። አንድ መምህር ወፍራም ጥራዝ ታቅፎ ገብቶ ርእሱን ብቻ ይዞ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ርእሱም ቢሆን በጤናው አልወጣም፤ ቆስሏል።

እኔና ሁንዴሳ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኞች ነን። እሱ የባምባሲ ልጅ ነው፤ እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ መጥቼ በዚያው የቀረሁ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በየጤና ጣቢያው መብራት በጠፋ ቁጥር ሲቀዘቅዙ ማየት አላስችል ብሎን፣ በባትሪ የሚሠራ ማሞቂያ አልጋ ሠራን። ለሌሎች ጤና ጣቢያዎችም ለማዳረስ፣ የሕክምና ፈጠራዎችን ለሚደግፍ አንድ ድርጅት አመለከትን። ማመልከቻችን «ዘርፈ ብዙ» እና «ፈር ቀዳጅ» በሚሉ ቃላት አብጦ ነበር። ውድቅ ሆነ። ለቀጣዩ ዙር እየፈራን ወደ ወይዘሮ ዐፊፋ ሄድን።

«"የማኅበረሰቡን ችግር ይቀርፋል" ትላላችሁ» አሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው። «ማነው እሱ ማኅበረሰቡ? ይታመማል? ይወልዳል?»

«ሁሉም ማለታችን ነው» አልኩ።

«ሁሉም አይወልድም፣ ቴዎ።»

ሰረዙት። «ዘመናዊ» የሚለውንም ሰረዙ። ሁንዴሳ «ያ ዋቃ!» እያለ በኦሮምኛ አምላኩን እየጠራ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። «አልጋው የት ተሞከረ?» ብለው ጠየቁን። «እዚሁ፣ ወርክሾፓችን ውስጥ» አልን። በማግስቱ አልጋውን ሚኒባስ ላይ አስጭነው፣ በሸርቆሌ መንገድ ላይ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ይዘውን ሄዱ። አዋላጇ ሰንበቴ በሕፃን ፋንታ ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ አስተኛችበት፤ እኛ ቴርሞሜትር አደረግንበት። መብራት እንዲጠፋ መለመን አላስፈለገንም፤ በራሱ ጊዜ ሄደ። ባትሪያችን ግን መብራቱ ሳይመለስ አለቀ። ጠርሙሱ ቀዘቀዘ።

ስንመለስ ሁንዴሳ «ይህንን አንጽፈውም፤ ከጻፍነው ማን ይረዳናል?» አለ።

«ዛሬ የቀዘቀዘው ጠርሙስ ነው» አሉ ወይዘሮ ዐፊፋ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ከደበቃችሁት ግን ወላሂ፣ ነገ የሚቀዘቅዘው ሕፃን ነው።»



ጻፍነው። ባትሪው የት ላይ እንደከዳን፣ ሙቀት ይዞ የሚቆይ ፍራሽ ጨምረን እንዴት እንደምናስተካክለው፣ ከሰንበቴ ጋር እንደገና እንዴት እንደምንሞክረው፣ ሁሉንም በአጭሩ አስቀመጥን። ለቃለ መጠይቅ በቪዲዮ ስንቀርብ ገምጋሚዋ መጀመሪያ የጠየቀችን «ባትሪው ቢያልቅስ?» ብላ ነው። ሁንዴሳ ፈገግ አለ፤ ያየነውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ድጋፉን አገኘን።

ባለፈው ክረምት አዲሱን አልጋ ከሰንበቴ ጋር በጠርሙስ ደግመን ሞክረን እዚያው ጤና ጣቢያ ተከልን። ሂባ የምትባል ወጣት እናት ያለ ጊዜው የተወለደ፣ መዳፍ የምታህል ደረት ያለው ልጇን አስተኛችበት። ዝናቡ ሲበረታ መብራት ሄደ። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ባትሪው ሲያልቅ ፍራሹ ተረከበ። ወይዘሮ ዐፊፋ እጃቸውን ሰደው የሕፃኑን እግር ዳሰሱ።

«ይሞቃል» አሉ። ከዚያ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሂባ በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። ወደ እኛ እያመለከቱ መለሱላት። ሰንበቴን «ምን አሏት?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ማን ሠራው ብትላቸው፣ "ልጆቼ ናቸው" ነው ያሏት።»

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ወይዘሮ ዐፊፋን የሚያማ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል። እኔ ባማቸው መብቴ ነው፤ ልጃቸው ነኝ።