የተራራ በግ አመልካቹ

አንባቢ ሆይ፣ ያለ ዕጣ የመጣን ነገር የሚንቅ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። ስፕሪንግፊልድ የሚኖሩት ጋሽ ደምሴ ናቸው።

እዚህ አሜሪካ የአደን ፈቃድ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱን የፈለገ ይገዛዋል፣ ሌላው በዕጣ ነው። ጋሽ ደምሴ በየዓመቱ ምዕራብ ላሉት ስቴቶች አፕላይ ያደርጋሉ። የቱን የሚመርጡ ይመስልዎታል? ዕጣው ለማንም የማይወጣውን፣ የተራራ በግ የሚባለውን የዱር በግ ፈቃድ። አዎ፣ በግ! ጠመንጃቸው እስካሁን አንድ ጥይት አልተኮሰም። የማመልከቻው መዝጊያ ቀን ሲቃረብማ አሌክሳንድሪያ ያለችው ልጃቸው ኮል ብታደርግም አያነሱም።

ባለፈው ቅዳሜ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ላፕቶፑን ከፍተው፣ ካርታ ዘርግተው፣ ፍርድ እንደሚሰጥ ዳኛ ተኮሳትረው ስቴት ያማርጣሉ። ከመስኮቱ ማዶ አንዲት አጋዘን የባለቤታቸውን የእትዬ ዘነበችን ጎመን ተረጋግታ ትበላለች።

«ደምሴ፣ ይቺንስ አታያትም?» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ሻይ ይዘው እየገቡ።

ጋሽ ደምሴ ቀና አላሉም። «የአጋዘን ፈቃድማ ለጠየቀ ሁሉ ይሸጣል። ያለ ዕጣ የተገኘ ነገር ምን ክብር አለው?»

እትዬ ዘነበች ሻዩን ከካርታው ዳር አስቀመጡ።

«እኔንም እኮ ያለ ዕጣ ነው ያገኘኸኝ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ አጋዘኗን ሊያባርሩ ወደ ጓሮ ወጡ።

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አለች?»

በመስኮቱ ወደ ጓሮው ጠቆምኳቸው። እሳቸው ግን ሻዩን ገፋ አድርገው ካርታውን ወደ እኔ አዞሩት።

«አንተ ብትሆን ኔቫዳን ነው ወይስ አይዳሆን የምትመርጠው?»