ዘንዶውን ትተው በሬውን

ሰው ከመፈጠሩ በፊት «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ፣ እመኑኝ፣ እስካሁን ማናችንም አልተወለድንም ነበር። ሰልፉ ከሰማይ ደጃፍ ተነሥቶ ነቀምቴ መናኸሪያ ይደርስ ነበር። አንዱ ንጉሥ ካልሆንኩ ይላል፣ አንዱ ባለ ሕንፃ፤ እኔ ደግሞ ወረፋዬን ሸጬ ዳር ቁጭ ብዬ እስቅ ነበር። ፈጣሪ ይህን ስለሚያውቅ ሳይጠይቀን ላከን። ብልህ ነው።

ታዲያ ዘንድሮ ክረምት፣ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር በምንከራይበት ግቢ በረንዳ ላይ፣ ያ ጥያቄ ዘግይቶ መጣ። ያመጣችው ያከራያችን ልጅ ሌሊሴ ናት። ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ተማሪዎቿ ጥላዋን ሲያዩ ይንቀጠቀጣሉ ይባላል፣ እሷ ግን ቤቷ ስትገባ ጨዋታ ነው የምትወደው። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዋ ሁለት ካርቶን ጨዋታ ልካላታለች። አንዱን መርጣ ታስቀራለች፤ ሌላውን ሰኞ በአውቶቡስ ትመልሳለች።

ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ጠረጴዛ ከብባችሁ ያልሆናችሁትን ትሆናላችሁ። ጦረኛ፣ አስማተኛ፣ ሌባ፣ ፈዋሽ። ሌሊሴ «ጫካ ገባችሁ፣ ዘንዶ ወጣ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ትላለች። እናንተ ትመልሳላችሁ፤ ከዚያ በየፊቷ ቁጥር የተጻፈባት ብዙ ፊት ያላት ጠጠር ትጣልና ይሳካላችሁ እንደሆነ ትፈርዳለች። እየተጫወታችሁ ስትሄዱ የመረጣችሁት ሰው ይጎለብታል፣ ይበስላል። ከእውነተኛው ኑሮ የሚለየው በዚህ ነው፤ እኛ እየኖርን የምንደርሰው የጉልበት ሕመም ላይ ነው።

ለመምረጥ መሞከር ያስፈልጋል፣ ለመሞከር ደግሞ ተጫዋች። ተጫዋች ከጠፋ ተከራይ አለ፦ እኔ፣ ጋሼ አለሙና ኦቦ ቶለራ። ሦስታችንም የጊዳ አያና ሰዎች ነን፤ ከዚያ ክፉ ጊዜ ወዲህ ነው ከተማ የተጠጋነው። የአለሙ አያት ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ ቶለራ ግን የጊዳ አያና አፈር ልጅ ነው። ሁለቱ መቀናጆ ነበሩ። ለከተሜው ላስረዳ፤ አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያቀናጅና ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የኔን ይባባላሉ። ትዳር ሲፈርስ አይቻለሁ፤ መቀናጆ ሲፈርስ ግን አላየሁም ነበር። የአለሙ በሬ ቦራ ይባላል፣ የቶለራ ዳለቻ።

መንደራችን የተቃጠለበት ያ ቀን ሲመጣ ሁለቱም በሬዎች ያደሩት ቶለራ በረት ነበር። አለሙ በአንድ በኩል ሸሸ፣ ቶለራ በሌላ፤ በሬዎቹም በዚያው ቀሩ። አለሙ «የራሱን ሊያድን የኔን ጥሎታል» ብሎ በሆዱ ያዘ። ቶለራ መጠርጠሩ ገባውና አፉን ዘጋ። አሁን በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ይኖራሉ። እሑድ እሑድ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ወደ ጸሎት ቤት ይወጣል፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። እኔ አንዴ ያሳቅሁት ወንዝ ሽቅብ ፈስሷል። እነሱን ግን አልቻልኩም።

የመጀመሪያው ካርቶን ወፍራም መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ሁሉም ነገር በሐሳብ ነው። ፊደል ያልቆጠርኩት እኔ ሳየው ትራስ አማረኝ። ሁለተኛው ሲከፈት ግን አውራ ጣት የሚያካክሉ ምስሎች ጠረጴዛው ላይ ፈሰሱ፦ ሰይፍ የታጠቀ፣ በትር የያዘች፣ ክንፉን የዘረጋ ዘንዶ፤ ደግሞም በሁለት በሬ የሚጎተት ጋሪ።

«በሉ፣ መሆን የምትፈልጉትን አንሡ» አለች ሌሊሴ።

እኔ አስማተኛውን አነሣሁ፤ ባርኔጣው ደስ ብሎኝ። ጋሼ አለሙ እጁን ሰደደና አንዱን በሬ ያዘ። ኦቦ ቶለራ በሌላ በኩል ሌላውን ያዘ። በሬዎቹ በአንድ ቀንበር ስለተጣበቁ ማንም ብቻውን ሊያነሣ አልቻለም።

«ጋሼ፣ እነሱ እኮ የጋሪው ናቸው! ሰው ምረጡ።»

«ሰው መርጬ አይቻለሁ» አለ አለሙ።

ቶለራም «ሌሊሴ ኮ፣ ልጄ፣ እኔም ይኸው ይበቃኛል» አለ።

አንዱ ሳይስማማ ጋሪው አይሄድም። ስለዚህ እኔ መሐል ተቀመጥኩ። «ለሰውዬው ንገረው፣ በወንዙ በኩል ይሻላል» ይለኛል አለሙ። «ለሰውዬው ንገረው፣ ሰምቻለሁ» ይላል ቶለራ። ከአማርኛ ወደ አማርኛ ሳስተረጉም ዋልኩ።

ሌሊሴ ታሪካቸውን አታውቅም። መጽሐፏን ገለጠችና «ሽፍቶች እሳት ይዘው ከበቧችሁ» አለች። «ጊዜ ያላችሁ አንዱን በሬ ለመፍታት ብቻ ነው። የቱን?»

የምቀልደው አጣሁ። እኔ!

«ቦራን» አለ ቶለራ።

«ቦራ ማነው?»

«የሱ በሬ። ቀድሜ የፈታሁት የሱን ነው፤ የሰው አደራ አይደል? ወደ ወንዙ ሰደድኩት። ወደ ዳለቻ ስመለስ እሳቱ ቀድሞኛል።»

አለሙ ምስሉን እንደያዘ ቀረ። በእኔ በኩል ሳያልፍ፣ «ተሻገረ?» አለ።

«አላየሁም። ውሃው ሞልቶ ነበር።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅከኝ?»

ሌሊሴ ጠጠሯን ጨብጣ ደርቃለች። «ይቅር በሉኝ፤ ይኼኛውን ካርቶን እመልሰዋለሁ» አለች።

«የለም፣ ጠጠሯን ጣያት» አለ አለሙ። «ይሻገር እንደሆነ እንይ።»

«ከአሥር በላይ ከወጣ ይሻገራል» አለች በቀስታ፤ ጣለቻት። ጠጠሯ ጠረጴዛውን ዘላ በረንዳው ጥግ ድረስ ተንከባለለች። ቶለራ ጎንበስ ብሎ አያት፣ በመዳፉ ሸፈናት፣ አነሣት።

«ተሻግሯል» አለ።

አለሙ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ አላለም። ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

ሰኞ አውቶቡስ የተሳፈረው ወፍራሙ መጽሐፍ ነው። ዘንዶው እስካሁን ከካርቶኑ አልወጣም፤ በየእሑዱ ጋሪው ይቆማል፣ ሁለቱ ሰዎች ካርታው ላይ የተሳለውን መስክ ያርሳሉ፣ ምን እንዝራበት ብለው ይነታረካሉ፣ አስማተኛው እኔ አረም እነቅላለሁ። ሌሊሴ እንዲህ ያለ ሕግ የለም ትላለች፤ ግን ዝናብ ሲያስፈልጋቸው ታዘንብላቸዋለች።

እኔ ያን ቀን ጠጠሯ የወደቀችበት ጥግ አጠገብ ነበርኩ፤ ቶለራ ሳይሸፍናት አይቻታለሁ። ፊደል ባልቆጥርም ቁጥር ዐውቃለሁ። ወሬ ሆዴ ውስጥ አድሮ እንደማያውቅ የጊዳ አያና ሰው ሁሉ ይመሰክራል።

ይህቺ ግን አድራለች።