እምቦጭ በባያን

ሰው አገሩን ጥሎ ሲሰደድ ጠላቱን ከኋላው የተወ ይመስለዋል። አማት ትቀራለች፣ ነገረኛ ጎረቤት ይቀራል። እምቦጭ ግን አይቀርም። እኔ የደንቢያ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ጣና ዳር ነው። ስንት ቅዳሜ ከአገር ሰው ጋር ውኃ ውስጥ ገብቼ ያንን አረም ስነቅል እንደዋልኩ እኔና ወገቤ እናውቃለን። ታዲያ ኩዌት፣ ባያን ሰፈር፣ በቤት ሠራተኝነት የምሠራበት ቪላ ግቢ ገንዳ ውስጥ አበባውን ቀስሮ ባየው ምን ልበል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ባባ፣ የአሠሪዬ የማዳም ባል ማለቴ ነው፣ ኮሌጅ ያስተምራል። የገንዳውን ነገር ለአትክልተኛው ነግሮታል፤ አትክልተኛው ደግሞ ለእረፍት አገሩ ገብቷል። ለእኔ ማን ይንገረኝ? ለሠራተኛ የሚነገራት የምትጠርገው ብቻ ነው። አርብ ዕለት ቤተሰቡ ለሽርሽር ሲወጣ እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። አንዲት ሥር ሳላስቀር ነቅዬ፣ እንደ አገሬ ሥሩን ወደ ፀሐይ ገልብጬ ሲሚንቶው ላይ አሰጣሁት። ከዚያ ምስጋናዬን መጠበቅ ጀመርኩ።

ሲመለሱ ባባ ራሱን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ማዳም «ጠዋት ወደ መክተብ ትመለሻለሽ» አለችኝ። መክተብ ያስቀጠረኝ ቢሮ ነው፤ እዚያ የተመለሰች ሴት ወይ የባሰ ቤት ይጠብቃታል፣ ወይ አውሮፕላን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልነበረኝ። ፈራሁ።

ባባ ግን አስተማሪ ነውና ተቆጥቶም ያስረዳል። ውኃው ውስጥ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የሚወጣውን መርዝ፣ እርሳስ የሚሉትን ከባድ ብረት፣ ለምርምሩ ሆን ብሎ ጨምሮበታል። እምቦጩ በሥሩ እየመጠጠ እዚያው ይይዘዋል፤ ውኃው ይነጻል። ይህን ስሰማ ጣና ትዝ አለኝ፤ ያልነቀልነው እምቦጭ ይሞታል፣ ይበሰብሳል፣ እዚያው ይሰጥማል።

«ሲበሰብስ የጠጣውን መልሶ አይተፋውም? ማን ሊነቅለው ነበር?» አልኩት።

ሊቁ ሰውዬ መትከሉን እንጂ መንቀሉን አላሰበበትም ነበር። ውኃውን ቀድቶ አስመረመረ፤ መርዙ ቀንሷል።

የመክተቡ ነገር ቀረ። በሳምንቱ እንግዶች መጥተው፣ ባባ «በትክክለኛው ጊዜ ስላስነቀለው» እምቦጭ ሲያብራራላቸው ሻይ አቀረብኩ። እነሱ ሲሄዱ እስከ ክርኑ ጓንት አጥልቆ የደረቀውን ሥር በከረጢት አሰረ። ለሥሩ እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው ስለ እጆቼ አንዲት ቃል አለመጠየቁ አበሸቀኝ። በመጨረሻም «በእጅ አይነካ» የሚል ወረቀት ጻፈና ሙጫው ጓንቱ ላይ እንዳይጣበቅበት፣ ከረጢቱ ላይ እንድለጥፈው ለእኔ ሰጠኝ።

በባዶ እጄ ለጠፍኩት።